ከቬጊስ እስከ ብሩነን፦ የአንድ ሐይቅ ጎረቤታሞች

ረቡዕ፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 (ሉሰርን፣ ቬጊስ)

እህቴ ስዊዘርላንድ ከገባች 17 ዓመቷ ነው። እኔ ግን ልጠይቃት የቻልኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ዘንድሮ ነው። ወሎ ውስጥ፣ በተወለድንባት ሐይቅ ከተማ፣ 31 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። የአልፕስን ተራሮች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሳልኳቸው ቁጥሩን አላውቀውም። ሉሰርን ሐይቅ ዳር ቆሜ ቀና ስል ጠመኔው እጄ ላይ ያለ መሰለኝ።

ትናንት ማታ እህቴ ፓስፖርቷን አውጥታ አሳየችኝ። የስዊዝ ፓስፖርት የትውልድ ቦታ አይጽፍም። የሚጽፈው «ሃይማትኦርት» የሚሉትን፣ ሰውየው በዜግነት የተመዘገበበትን ማዘጋጃ ቤት ነው። በዚህ አገር ዜግነት ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤቱ ይቀበልሻል፣ ከዚያ ካንቶኑ (እንደ እኛ ክልል ያለው)፣ ከዚያ አገሩ። ለዚያውም ማመልከት የሚቻለው 10 ዓመት ከኖሩ በኋላ ነው። እህቴ ይህን ሁሉ አልፋ ከስሟ ሥር «ሉሰርን» ተብሎ ተጽፎላታል። እኔ አዝዬ ያሳደግኳት የሐይቅ ልጅ፣ መነሻዋ ሉሰርን! ደስታና ሆድ መባስ አንድ ላይ መጣብኝ። ስለዚህ ጉዞውን ስንጀምር ለማየት የፈለግኩት ተራራና ውሃ ብቻ አልነበረም። እነዚህ በሐይቁ ዳር የተደረደሩ ትንንሽ ማዘጋጃ ቤቶች «የእኛ ሰው» የሚሉት ማንን እንደሆነ፣ ይህንንስ ለመወሰን ሥልጣኑን ከየት እንዳገኙ ማወቅ አማረኝ። (የምጠቅሳቸው የታሪክ ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሰዓት በኋላ ከሉሰርን በእንፋሎት መርከብ ተነሳን። በሐይቁ ላይ ዛሬም የሚሠሩ አምስት ባለ መቅዘፊያ መንኮራኩር መርከቦች አሉ፤ በዕድሜ ትልቋ «ኡሪ» ስትሆን በ1901 የተሠራች ናት። የመርከቧ ሆድ መሐል ላይ ክፍት ስለሆነ፣ ተሳፋሪው አጎንብሶ ሞተሩን ያያል። ያ ሁሉ የሚያብረቀርቅ ብረት እየተገፋ፣ እየተመለሰ፣ በዘይት እየራሰ ሲሠራ፣ ድምፁ እንዲህ ለስላሳ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። ተማሪዎቼ ሁሉ እዚያ ቆመው ቢያዩት ብዬ ተመኘሁ።

ሐይቁን ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ «የአራቱ የደን አገሮች ሐይቅ» ይሉታል። አራቱ አገሮች ኡሪ፣ ሽቪትስ፣ ኡንተርቫልደንና ሉሰርን ናቸው። ስፋቱ 114 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ እስከ 214 ሜትር ነው። ክብ አይደለም፤ ክንዶቹን ወዲያና ወዲህ የዘረጋ፣ የተሰበረ መስቀል የሚመስል ሐይቅ ነው። ቅርጹን የሰጠው በበረዶ ዘመን ከጎትሃርድ ተራራ በኩል የወረደው የሮይስ ሸለቆ የበረዶ ግግር ነው። ግግሩ ለስላሳውን ድንጋይ ቦርቡሮ፣ ጠንካራውን ሳይችለው እየዞረው ሄደ። ከቀለጠ በኋላ ጎድጓዳውን ውሃ ሞላው። ዛሬም የሮይስ ወንዝ በደቡብ ጫፍ ገብቶ በሉሰርን ከተማ መሐል ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ይህ የአልፕስ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ያለው 434 ሜትር ላይ ብቻ ነው። የእኛው ሐይቅ ከ1,900 ሜትር በላይ ነው። እህቴ ይህን ስነግራት ከልቧ ተገረመች። ለካ ተራራ ላይ ያደግነው እኛ ነን!

ቬጊስ ከሉሰርን በመርከብ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ወደ ወደቡ ስንጠጋ የዘንባባ ዛፍ አየሁ። በለስም አለ፤ «ካስታንየ» የሚሉት፣ ፍሬው የሚበላ ዛፍም በየዳገቱ ይበቅላል። አልፕስ ላይ ዘንባባ ምን ይሠራል? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከጀርባ ያለው የሪጊ ተራራ የሰሜኑን ቀዝቃዛ ነፋስ ይከለክላል። ዳገቱ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ፀሐይ ይጠጣል። ሐይቁ በበጋ ያጠራቀመውን ሙቀት በክረምት ቀስ እያለ ይመልሳል። በዚያ ላይ «ፎን» የሚሉት ነፋስ አለ። ከደቡብ ተነስቶ አልፕስን ሲሻገር ዝናቡን ወዲያ ማዶ አራግፎ፣ ወዲህ ሲወርድ ደርቆና ሞቆ ይደርሳል።

ተራራው የሚያቅፈውን ያህል ይጥላል። የሪጊ የቬጊስ ፊት ጠጠርና አሸዋ ተጋግሮ ድንጋይ የሆነበት ነው፤ «ናገልፍሉ» ይሉታል፣ ጠጠሮቹ የሚስማር ራስ ስለሚመስሉ። ውሃ በመሐሉ ሲገባ ይላላል። በሐምሌ 1795 ከዳገቱ የተነሳ ጭቃ መንደሩ ላይ ወረደ። አወራረዱ ዝግተኛ ስለነበር ሰዉ ዕቃውን አውጥቶ መሸሽ ቻለ፤ ቤቶቹ ግን ተገፍተው ሐይቅ ገቡ። ቤት ዓይን እያየው በዝግታ ሲሄድ ቆሞ ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ እያሰብኩ በዚያው ዳገት ላይ ወጣሁ። አሁን አትክልትና ጽጌረዳ ነው።

የሰኔ ጾም ስለገባ እህቴ በሶና ቆሎ ይዛለች። ሐይቁ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን በሶአችንን በጠበጥን። ሌሊቱን ያደርነው ቬጊስ በምትኖር የሥራ ባልደረባዋ ቤት ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5 (ፊትስናው፣ ሪጊ)

ፊትስናው ለቬጊስ የቅርብ ጎረቤት ናት። ለብዙ መቶ ዓመታት አንድ ላይ በሉሰርን ከተማ ሥር ሲተዳደሩ የኖሩ ናቸው። ዛሬ ሁለት ማዘጋጃ ቤት፣ ሁለት ወደብ፣ ሁለት ዓይነት ዕድል አላቸው። ቬጊስ ሜዳ ብጤ አላት፤ ፊትስናው ግን በተራራና በውሃ መሐል እንደ መጽሐፍ ምልክት የተሰካች ናት።

ፊትስናውን ዓለም ያወቃት በባቡሯ ነው። ግንቦት 21 ቀን 1871 በአውሮፓ የመጀመሪያው ባለ ጥርስ የተራራ ባቡር ከዚህ ተነስቶ ሪጊን ወጣ። መሐንዲሱ ኒክላውስ ሪገንባህ ነው፤ ቀኑም የራሱ 54ኛ የልደት ቀን ነበር። አሜሪካ ውስጥ በዋሽንግተን ተራራ ተመሳሳይ ባቡር ሁለት ዓመት ቀድሞ ሥራ ጀምሯል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል መሰላል የመሰለ ሦስተኛ ብረት ይዘረጋል። ከባቡሩ ሥር ያለው ባለ ጥርስ መንኮራኩር የመሰላሉን ደረጃዎች እየያዘ ይወጣል። በ100 ሜትር መንገድ 25 ሜትር ከፍ የሚልበት ቦታ አለ፤ ተራ ባቡር እዚያ ላይ ይንሸራተታል።

ነገር ግን ከባቡሩ ይበልጥ የገረመኝ ወሰኑ ነው። የፊትስናው ባቡር በ1871 የተራራው ጫፍ ድረስ አልሄደም። ሽታፈልሆሄ የሚባል ቦታ ሲደርስ ቆመ። ለምን? የሉሰርን ካንቶን እዚያ ያልቃል። ፈቃዱን የሰጠው ሉሰርን ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ አንዲት ብረት መዘርጋት አይችልም። ጫፉ በሽቪትስ ካንቶን፣ ከተራራው ጀርባ በሌላ ሐይቅ ዳር ያለችው የአርት ማዘጋጃ ቤት መሬት ነው። አርቶች የራሳቸውን ባቡር ሊሠሩ ፈቃድ ይዘው ነበርና የመጨረሻውን ክፍል እነሱ ሠሩት። ፊትስናዎች በ1873 ጫፍ የደረሱት በዚያ ሐዲድ ላይ ለመሄድ ኪራይ እየከፈሉ ነው። የአርት የራሷ ባቡር በ1875 ከወዲያ በኩል ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለት ኩባንያ፣ ጎን ለጎን ሁለት ሐዲድ፣ አንድ ተራራ! የተዋሃዱት በ1992 ነው። እንዲህ የሚጠበቅ ወሰን ለካ በካርታ ላይ በቀጭን መስመር ብቻ ይታለፋል። ለተማሪዎቼ ይህን ባስተማርኩ ኖሮ።

ጫፉ 1,798 ሜትር ነው። ከሐይቅ ከተማ ዝቅ ያለ መሆኑን እያወቅኩም ስደርስ ትንፋሼ ተያዘ። ምክንያቱ ከፍታው አይደለም፤ ዕይታው ነው። ሪጊ ሦስት ሐይቅ የሚከበው፣ ለብቻው የቆመ ተራራ ስለሆነ፣ በደቡብ ነጭ የለበሱት ከፍተኛ አልፕሶች እንደ ደብር ቅጥር ተደርድረው ይታያሉ፤ በሰሜን ደግሞ መሬቱ እየለሰለሰ ወደ ሜዳ ይሄዳል። የአልፕስ መጀመሪያ የሚባለው መስመር እግሬ ሥር ነው። የቆምኩበት ጫፍ ከወጣት አልፕሶች ተሸርሽሮ ከወረደ ጠጠር የተጋገረ ሲሆን፣ ከጌርሳው በላይ የሚታየው የዚያው ሰንሰለት ሌላው ጫፍ ግን ከጥንት ባሕር ሥር የመጣ ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው። ሁለት ዘመን እዚህ ላይ ተደራርቧል።

በምሥራቅ በኩል እህቴ አንድ ተራራ አሳየችኝ። ፊቱ እስከ ዛሬ የተገሸለጠ ነው። ሮስበርግ ይባላል። መስከረም 2 ቀን 1806 ከብዙ ዝናብ በኋላ ጎኑ ተነቅሎ ወረደና የጎልዳውን መንደር ቀበረ። 457 ሰው ሞተ። የቬጊሱ ጭቃ ለሰዉ ጊዜ ሰጥቶት ነበር፤ ይኸኛው አልሰጠም። ጎልዳው ዛሬ የባቡር መስቀለኛ ነው፤ ጣቢያው የተሠራው በዚያ ናዳ ላይ ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 6 (ጌርሳው)

ከፊትስናው ወደ ጌርሳው በአውቶቡስ ነው የሄድነው። መንገዱ በቋጥኝና በውሃ መካከል እየተጣበቀ ያልፋል። አንድ ቦታ ላይ ተራራው ወደ ሐይቁ አፍንጫውን ያወጣል፤ ስሙም «አፍንጫ» ነው። ከማዶ ሌላ አፍንጫ ይመጣና ሁለቱ ሊነካኩ ይደርሳሉ፤ ሰፊው ሐይቅ እዚያ ላይ ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች ይጠባል። አፍንጫውን ሲያልፉ ካንቶኑ ይለወጣል፦ ከሉሰርን ወጥተው ሽቪትስ ይገባሉ። ይህ መንገድ የተሠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት ጌርሳው ለመግባት ጀልባ ነበር፤ አለዚያ የተራራ የእግር መንገድ። ይህን ልብ ካላልን የጌርሳው ታሪክ አይገባንም።

ጌርሳው ከ2,000 ትንሽ የሚበልጥ ሕዝብ ያላት ናት። ከሦስት ወገን ተራራ፣ ከፊት ውሃ። ይህች መንደር ከ1390 እስከ 1798 ማንም ያልገዛት ነጻ ሪፐብሊክ ነበረች። ከ400 ዓመት በላይ ማለት ነው። የራሷ ሸንጎ፣ የራሷ ዳኛ፣ የራሷ የወንጀለኛ መስቀያ እንጨት ነበራት።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። በ1359 ቬጊስና ጌርሳው ከአራቱ የደን አገሮች ጋር ቃል ኪዳን ገቡ፤ እኩል፣ ጎን ለጎን፣ እንደ ሁለት እህትማማች። በ1380 ሉሰርን በቬጊስ ላይ ያለውን የጌትነት መብት በእጇ አስገባች፤ ቬጊስም ከተማዪቱ የምትገዛት ገጠር ሆነች። የጌርሳው የጌትነት መብት ደግሞ በመያዣነት የተያዘው ፎን ሞስ በሚባሉ የሉሰርን ባለጸጎች እጅ ነበር። የጌርሳው ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ገንዘብ አዋጥተው በ1390 በ690 ፓውንድ ፕፌኒግ (በዘመኑ ገንዘብ) መብቱን ከጌቶቹ ላይ ራሳቸው ገዙት። በ1433 የቅድስት ሮማ ግዛት ንጉሠ ነገሥት ሲጊስሙንድ ነጻነታቸውን አጸና። ከዚያ በኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ በቀር በላያቸው ማንም የለም።

በአሥር ዓመት ልዩነት አንዷ ተገዛች፤ አንዷ ራሷን ገዛች። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ተቀምጬ ይህን ደጋግሜ አሰብኩት። ብዙዎች ተራራው ነው ያዳናቸው ይላሉ። እኔም ለ31 ዓመት መልክዓ ምድር ታሪክን ይወስናል ብዬ አስተምሬያለሁና ተራራውን አልክድም። መንገድ ስለሌላት ጦር በቀላሉ አይገባባትም፤ በሉሰርንና በሽቪትስ መሐል ስለሆነች አንዱ እንዳይውጣት ሌላው ያያል። ግን ቬጊስም ተራራ ነበራት። ልዩነቱ ያ 690 ፓውንድ ነው። ከየጓዳው ወጥቶ፣ ተቆጥሮ፣ በአንድ ከረጢት የገባ ገንዘብ። እቁብና እድር ያለበት አገር ሰው ይህን ለመረዳት ትርጓሜ አያስፈልገውም።

ስለ መስቀያው እንጨት የሚተረክ አንድ ነገር አለ። የሉሰርን ሰዎች ይህች ትንሽ መንደር የራሷ መስቀያ አላት ብለው ለማፌዝ፣ ሌሊት መጥተው የገለባ ሰው ሰቀሉባት አሉ። ጌርሳዎች ጠዋት ተነስተው የገለባውን ሰው አላወረዱትም። የሉሰርንን ሰማያዊና ነጭ ቀለም አልብሰው እዚያው ተዉት። እህቴ ይህን ስትሰማ ሰዎች ዘወር ብለው እስኪያዩን ሳቀች። የሉሰርን ዜጋ ናትና ነገሩ ይነካታል።

መሬት ስለሚጠባቸው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሐር ውስጥ ገቡ። የጌርሳው ነጋዴዎች የሐር ተረፈ ምርትን በጀልባ እያስመጡ፣ በየተራራው ላሉ ቤተሰቦች ለፈተላ እያከፋፈሉ፣ ክሩን መልሰው ይሸጡ ነበር። በዚያ ገንዘብ የተሠሩት ትልልቅ ቤቶች ዛሬም ከሐይቁ ላይ ጎልተው ይታያሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው፣ ቅዱስ ማርሴሉስ፣ ግን የተሠራው ነጻነታቸው ከተወሰደ በኋላ፣ ከ1807 እስከ 1812 ነው። ለመንደሩ ይከብዳል ብዬ እስካስብ ድረስ ትልቅ ነው። በ1798 ፈረንሳዮች ገብተው ሪፐብሊኳን አፈረሱ፤ በ1803 ለሽቪትስ ተሰጠች። በ1814 ናፖሊዮን ሲወድቅ ጌርሳዎች ተሰብስበው ሪፐብሊካቸውን መልሰው አወጁ። ለጥቂት ዓመት ቆየ። ከጥር 1 ቀን 1818 ጀምሮ ግን ያለ ፈቃዳቸው ወደ ሽቪትስ ገቡ። ያኔ ያልተወሰደባቸው ነገር ቢኖር አውራጃነታቸው ነው። ዛሬም ጌርሳው በአንድ ማዘጋጃ ቤት ብቻ የቆመ፣ ለራሱ ሙሉ አውራጃ ነው።

ማታ የእህቴ ባለቤት ልጃቸውን በመኪና አምጥቶልን ተመለሰ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ያነበብኩትን ስነግራት ዓይኗን አፍጥጣ፣ «አክስቴ፣ ሰው ራሱን እንዴት ይገዛል? ገንዘቡን ለማን ይሰጣል?» አለችኝ። የገዙት ራሳቸውን ሳይሆን የመዳኘትና ግብር የመሰብሰብን መብት ነው ብዬ አስረዳኋት። አሰበችና «ታዲያ ያው ነው» አለች።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7 (ጌርሳው)

ዛሬ ከጌርሳው መሄድ ነበረብን። አልሄድንም።

ያስቀረን ያረፍንበት ቤት ባለቤት፣ ሸምገል ያሉ ሴትዮ፣ ቁርስ ላይ ያወሩን ነገር ነው። ጌርሳው ነጻ በነበረችበት ዘመን በዓመት አንድ ጊዜ የተቅበዝባዦች በዓል ይከበርባት ነበር፤ «ፈከርኪልቢ» ይባላል። ከየአገሩ ለማኞች፣ ቅርጫት ሠሪዎች፣ መቀስና ቢላዋ ሳዮች፣ ሙዚቀኞች፣ ቤት የሌላቸው ሁሉ ይሰበሰባሉ። ይበላሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ይጋባሉ። ሌላ ካንቶን ውስጥ ፖሊስ እያሳደደ ከወሰን ወሰን የሚጥላቸው ሰዎች ናቸው። ጌርሳው የማንም ስላልነበረች ለጥቂት ቀን የእነሱም ትሆን ነበር። መንደሯ ለሽቪትስ ከተሰጠች በኋላ በዓሉ በ1832 ተከለከለ።

ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የኒሽ የሚባሉ፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው የስዊዝ ተጓዥ ሕዝብ ናቸው። ችግራቸው ድህነት ብቻ አልነበረም። ሃይማትኦርት አልነበራቸውም፤ የትኛውም ማዘጋጃ ቤት «የእኔ ናችሁ» አላላቸውም። የእህቴ ፓስፖርት ላይ ያለችው ያቺ አንዲት መስመር የሌላቸው ሰዎች ማለት ነው። ያለ ማዘጋጃ ቤት ማግባት፣ ችግር ሲመጣም እርዳታ ማግኘት አይቻልም ነበር። በ1850 የወጣ የፌዴራል ሕግ እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት ድርሻውን እየወሰደ ዜግነት እንዲሰጣቸው አስገደደ። ወረቀቱን አገኙ፤ ተቀባይነቱን ግን አላገኙም። ከ1926 እስከ 1973 አንድ የሕፃናት በጎ አድራጎት ድርጅት በመንግሥት ድጋፍ ወደ 600 የሚጠጉ የየኒሽ ልጆችን ከወላጆቻቸው ነጥሎ ለማሳደጊያና ለባዕድ ቤተሰብ ሰጠ። ዓላማው መንከራተታቸውን ማስቀረት ነበር። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት አልፎንስ ኤግሊ በ1986 ይቅርታ ጠየቁ። ባለፈው የካቲት ደግሞ መንግሥት የተፈጸመው ነገር በሰብአዊነት ላይ የተሠራ ወንጀል መሆኑን አመነ።

ሴትዮዋ ይህን በዝግታ ነው የነገሩን። እህቴ እየተረጎመች መሐል ላይ ድምፅዋ ቆመ። ልጇን ሳብ አድርጋ ፀጉሯን ስታስተካክል አየኋት፤ የሚስተካከል ፀጉር አልነበረም። አሁን በዓሉ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እንደገና በጌርሳው ተከብሮ ያውቃል፤ ሴትዮዋ ሙዚቃውን ሲያስታውሱ ፊታቸው በራ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ብሩነን በሚወስደው መንገድ በእግር ትንሽ ሄድን። ሐይቁ ዳር፣ ከቋጥኝ ሥር አንዲት ትንሽ የጸሎት ቤት አለች። «ኪንድሊሞርድ» ትባላለች፤ የሕፃኑ ግድያ ማለት ነው። ትውፊቱ እንዲህ ይላል፦ አንድ ተቅበዝባዥ ማሲንቆ መቺ ከሠርግ ሲመለስ፣ ልጁ ርቦት ዳቦ ሲለምነው፣ በንዴት ከቋጥኙ ጋር አጋጭቶ ገደለው። (ማሲንቆ ያልኩት የእነሱን ባለ ገመድ መሣሪያ ነው፤ አዝማሪ ብለው ይቀርባል።) ጠዋት የሰማነውን ከሰማን በኋላ ይህን ተረት እንደ ተራ ተረት ማየት አልቻልኩም። ተጓዡ ሰው በትውፊቱ ውስጥ ልጁን የሚገድል ነው። በታሪክ ውስጥ ግን ልጁን የተነጠቀው እሱ ነው። የመንደር ትውፊት ስለ ሌላ ሰው ሲናገር እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋል፤ የእኛም ያደርጋል።

ወደ ማታ ሰማዩ ከኡሪ በኩል ጠቆረ። በየወደቡ ብርቱካናማ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። በደቂቃ 40 ጊዜ ከሆነ ብርቱ ነፋስ ሊመጣ ይችላል፣ 90 ጊዜ ከሆነ ማዕበሉ ደርሷል፣ ከሐይቁ ውጡ ማለት ነው። ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ። አርባ ነበር። ትንሽ ቆይቼ እንደገና ብቆጥር ልከተለው አልቻልኩም። ውሃው ከአረንጓዴ ወደ እርሳስ ቀለም ሄደ። ጀልባዎች ተጣድፈው ገቡ። መስኮት ዘግተን ሻይ ጠጣን።

እሑድ፣ ሰኔ 8 (ብሩነን፣ ሩትሊ)

ሌሊቱ አጥቦት ጠዋቱ ጥርት ያለ ነበር። በመርከብ ብሩነን ደረስን።

ብሩነን ለብቻዋ ማዘጋጃ ቤት አይደለችም፤ የኢንገንቦል ማዘጋጃ ቤት ወደብ ናት። ከኋላዋ ሽቪትስ ከተማና «ሚተን» የሚባሉት ሹል ቋጥኞች፣ ከፊቷ ደግሞ ሐይቁ በ90 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ደቡብ የሚገባበት ክንድ። ጎትሃርድን ተሻግሮ ጣሊያን የሚሄድ ሸቀጥ እዚህ ነበር ጀልባ ላይ የሚጫነው። የአክሰን መንገድ በ1865፣ የጎትሃርድ ባቡር በ1882 ሲመጡ የጀልባው ሥራ ቀነሰ። ጌርሳው ግን ባቡር አልደረሳትም። ዛሬም ጸጥታዋ የመጣው ከዚያ ነው።

ሽቪትስ በሞርጋርተን የሐብስቡርግን (የኦስትሪያን ገዥ ቤተሰብ) ጦር በኅዳር 1315 ካሸነፈ በኋላ፣ ሦስቱ አገሮች፣ ኡሪ፣ ሽቪትስና ኡንተርቫልደን፣ ታኅሣሥ 9 ቀን እዚህ ብሩነን ተሰብስበው ቃል ኪዳናቸውን አደሱ። ከዚያ የሚቀድመው የ1291 ሰነድ፣ በላቲን የተጻፈው፣ በሽቪትስ ከተማ ይገኛል። ከማዶ ደግሞ የሩትሊ ሜዳ አለ፤ ሦስቱ አገሮች መሐላ የፈጸሙበት ነው ተብሎ የሚተረክለት። ተሻግረን አየነው። ሣር ነው። ባንዲራ፣ ላሞች፣ አንድ ቤት። በ1859 ሆቴል ሊሠራበት ሲል የአገሪቱ ተማሪዎች ሳንቲም አዋጥተው ገዝተው ለአገሩ ሰጡት። እንደገና መዋጮ! ሐምሌ 25 ቀን 1940፣ ፈረንሳይ በወደቀች ማግስት፣ የአገሪቱ ጦር የበላይ የነበረው ጄኔራል ጊዛን የጦር አዛዦቹን ሁሉ እዚህ ሜዳ ላይ ሰብስቦ እንደሚከላከሉ የነገራቸው ከዚህ ሣር ላይ ነው።

ከሩትሊ የሚነሳ የእግር መንገድ የሐይቁን ደቡባዊ ክንድ ዞሮ ብሩነን ላይ ያልቃል። 35 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ1991 ለ700ኛው ዓመት ነው የተሠራው። ርዝመቱ ለእያንዳንዱ የስዊዘርላንድ ነዋሪ 5 ሚሊ ሜትር እየተሰጠ ተለካ፤ ካንቶኖቹም ወደ ኅብረቱ በገቡበት ቅደም ተከተል እየተደረደሩ በሕዝባቸው ብዛት ክፍላቸውን አገኙ። ልጅቷ ጣቷን ዘርግታ አምስት ሚሊ ሜትር አሳየችን። የትንሿ ጣቷ ጥፍር እንኳ ይበልጣል።

መንገዱ ብሩነን ሐይቅ ዳር የሚያልቅበት ቦታ «የውጭ አገር ስዊዞች አደባባይ» ይባላል። አገራቸውን ትተው በየዓለሙ ለተበተኑት የስዊዝ ልጆች የተሰጠ ቦታ ነው። እህቴ ጽሑፉን አንብባ ተረጎመችልኝና ዝም አለች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። «እትዬ፣ እዚህ እንብላ» አለች። የቀረውን ቆሎ ዘረገፍን።

ልጅቷ ቦርሳዬን ስትበረብር ፓስፖርቴን አገኘችው። ገልጣ የትውልድ ቦታ የሚለውን በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«ሐይቅ ይላል። ይኼ የሐይቁ ስም ነው ወይስ የከተማው?»

«የሁለቱም ነው።»

«እማዬ የተወለደችበት?»

«አዎ፤ ከእኔ ጋር፣ በዚያው ቤት።»

ፓስፖርቱን ዘግታ ወደ እናቷ አየች፤ ከዚያ ወደ ውሃው። መርከቡ ከፍሉለን በኩል እየመጣ ነበር፤ እህቴ ጫማዋን ፈለገች።